ደላላ ዝም ሲል

ልጄ ከኩዌት በተመለሰች ሰሞን ጠዋት ጠዋት እህል የምናስቀምጥበት ክፍል ትገባና በሩን ገርበብ አድርጋ ብዙ ትቆይ ጀመር። እኔ የተዘጋ በር አልወድም፤ ገርበብ ያለውን ደግሞ ፈጽሞ ማለፍ አይሆንልኝም። አንድ ቀን ከሱብሂ ሶላት መልስ ጫማዬን አወለቅኩና በስንጥቁ አየሁ። ልጄ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። ግራና ቀኟ የባቄላና የገብስ ጆንያ ነው። አትሰግድም፣ ዚክር አታደርግም፣ ስልክ አልያዘችም፣ አታለቅስም። ዝም ብላ ተቀምጣለች። እዚያው ደንግጬ እንደቆምኩ በብብቴ ስር ሌላ ጭንቅላት ብቅ አለ። ባለቤቴ ናት።

«ምን ታያለህ?» አለች በሹክሹክታ።

«ምንም።»

«እሷስ ምን ታያለች?»

«እሷም ምንም።»

ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንዲህ የደነገጠችው ወዳ አይደለም። በእኛ በመካነ ሰላም ልጁን ወይ እህቱን ዐረብ አገር ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ከዚያ የመጣ ነው፤ ቴሌቪዥኑም እንዲሁ። አንዳንዷ ልጅ ግን ሻንጣዋ ይመጣና እሷ ሳትመጣ ትቀራለች። አካሏ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል፤ ልቧ የት እንዳለ አይታወቅም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ጮክ ብለን ግን አናወራውም።

ጭንቀቱን ያባሰው ደግሞ ሽማግሌ ተልኮብን ነበር። አስላኪው አቀስታ የሚያስተምር መምህር ነው። ከልጄ ጋር ሁለተኛ ደረጃ እዚሁ አብረው ተምረዋል፤ እሷ ኩዌት ሳለችም ጠብቋታል። እንደምትወደው አልነገረችኝም። ስሙ በተነሳ ቁጥር የያዘችውን ትደፋ ስለነበር መንገርም አላስፈለጋትም። ሽማግሌዎቹ መጥተው ጠይቀዋል፣ እኛም እንደ ወጉ «ዘመድ እናማክር» ብለን ቀን ሰጥተናል። በመሐል ያለው ጊዜ የማጣሪያ ጊዜ ነው። እነሱ የእኛን ቤት ያጣራሉ፣ እኛ የእነሱን። በሽታ አለ ወይ? ደም አለ ወይ? እንግዲህ ልጅቷ ከግድግዳ ጋር ትውላለች የሚል ወሬ አቀስታ ከደረሰ ነገሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ቁርስ ላይ ልጠይቃት ሞከርኩ። ሆኖም መጠየቅ አልችልበትም። ዕድሜ ልኬን የከብት ደላላ ነበርኩ፤ ደላላ ደግሞ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ ቀጥ ብሎ አይጠይቅም።

«ያ ክፍል አይበርድም?» አልኳት።

«አይበርድም፣ አባባ።»

«አይጥ ያለ መስሎኝ። ገብቼ ላይ ብዬ ነበር።»

«አይጡንማ ሰማሁት» አለች ዳቦዋን እየቆረሰች። «በሩ ጋ ቆሞ ሲተነፍስ ያፏጫል። ሲደክመው ደግሞ ያስላል።»

ባለቤቴ ድንጋጤዋን ረስታ ሳቀችብኝ። ልጄም ስታየን አዘነችልን መሰለኝ፣ ሳንጠይቃት ነገረችን።

ኩዌት አብራት የምትሠራ የስሪላንካ ሴት ነበረች፣ በዕድሜ እናቷ የምትሆን። ከማድቤቱ ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ይጋሩ ነበር። ሴትዮዋ የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት። አሠሪዋ ስታመናጭቃቸው በዋለችበት ቀን ሴትዮዋ ሥራዋን ጨርሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትቀመጥና ትንፋሿን ስትመለከት ትቆያለች። ልጄ መጀመሪያ ትስቅባት ነበር። ኋላ ግን ልብ ስትል፣ እሷ ቀን የተሰደበችውን ስትደግመው ታመሻለች፤ ሴትዮዋ ያንኑ ስድብ ተሰድባ በሰላም ትተኛለች። «አስተምሪኝ» አለቻት። ትምህርቱም በማድቤት ዐረብኛ ተሰጠ።

«ሃይማኖቷን ተቀበልሽ?» አለች ባለቤቴ፣ ድምፅዋ እየቀጠነ።

«እማ፣ ሃይማኖቷን አልሰጠችኝም። አቀማመጧን ነው የሰጠችኝ። እኔ የምሰግደው ለማን እንደሆነ ታውቂ የለም እንዴ?»

«ታዲያ ግድግዳው ላይ ምን አለ?»

«ምንም። ምንም ስለሌለበት ነው የመረጥኩት።»

ሴትዮዋ የነገረቻትን አንድ ነገር ያን ጠዋት ነገረችን። ሰው ሲሰድብሽ እሾህ ወጋሽ ማለት ነው፤ ያማል፣ አያምም የሚል የለም። ከዚያ ወዲያ ግን «እኔን? እንዴት እኔን?» እያልሽ ራስሽን የምትወጊበት ሁለተኛው እሾህ በራስሽ እጅ የመጣ ነው፤ እሱን መተው ትችያለሽ። ይህን ስሰማ ሻዬን ይዤ ቀረሁ። በገዛ እጄ ራሴን የወጋሁበትን እሾህ ብሰበስበው ግቢያችንን ዙሪያውን አጥሮ ይተርፍ ነበር።

በማግስቱ አብሬያት ልቀመጥ ገባሁ። ለባለቤቴ «ለመሰለል ነው» አልኳት፤ እውነቱን ለመናገር ቀንቼባት ነበር።

«ትንፋሽዎ ሲገባ ይመልከቱት፣ ሲወጣም ይመልከቱት» አለች ልጄ። «ሐሳብዎ ጥሎዎት ሲሄድ፣ ሄደ ይበሉና ይመለሱ። አይቆጡት።»

ትንፋሼ ሲገባ ደህና ነበር። ሲወጣ ግን ሐሳቤም አብሮት ወጣና ቀጥ ብሎ ከብት ተራ ወረደ። በወጣትነቴ ያሻሻጥኩትን ዳለቻ በሬ እንደ አዲስ አሻሻጥኩት። ገዢው አንገራገረ፤ ለመንኩት፣ አሞገስኩት፣ በእናቱ አማልኩት፣ በመጨረሻም ተረታ። ዓይኔን ስገልጥ የገዢና የሻጭን እጅ ላገናኝ ሁለት እጆቼን አየር ላይ ዘርግቻለሁ።

«ደረሱ?» አለች ልጄ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ከየት?»

«ከሄዱበት።»

«በሬ ሸጥኩ።»

«እሰይ። አሁን ይመለሱ።»

የማረከኝ ይህ «እሰይ» ነው። እኔ ሐሳቤን እንደ ሰነፍ አህያ ስደበድበው ነው የኖርኩት፤ እሷ ግን ከገበያ እንደ ተመለሰ ሰው ተቀበለችው። ከዚያን ቀን ወዲያ ጠዋት ጠዋት አንቀርም ነበር። እግሬ ይደነዝዛል፤ ልጄ «ሕመሙን ይዩት፣ እንዴት እንደሚሄድ» ትለኛለች፤ አየዋለሁ፤ መጥቶ ይቆይና ይሄዳል። አንዳንዴ ሳይሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስንጨርስ ደግሞ መልካም መመኘት አለ። መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለሚወዱት፣ በመጨረሻ ለማይወዱት ሰው።

«ይህማ ዱዓ ነው» አልኳት።

«ታዲያ ምን ከበደዎት?»

የከበደኝማ የማልወደው ሰው ነው። ከብት ተራ ላይ ገዢ ሲነጥቀኝ የኖረ አንድ ደላላ አለ፤ እሱም እንደኔ አርጅቶ እቤቱ ተቀምጧል። ጤና ይስጠው አልኩ። ሰላም ይስጠው አልኩ። ጥርስም ያብቅልለት ብዬ ስጨምር ልጄ ሳቋ አመለጣትና የዚያን ቀን ትምህርት በዚሁ ተበተነ።

ነገሩ ከክፍሉ ወጥቶ ቀን ሙሉ ይከተለኝ ጀመር። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ «ውይ!» ይላል፣ እኔም ከሁሉም ቀድሜ እላለሁ። አሁን ግን ውይታው ከሆዴ ሲነሳ አየሁትና «ውይ መጣ» አልኩ፤ እሱም እንደ ተነቃበት ሌባ ዝም አለ። ቀበሌ ወረፋ ስጠብቅ ከፊቴ ያለውን ሰው ማጅራት በዓይኔ መውጋት ትቼ የቆምኩበትን እግር አዳመጥኩ። ራዲዮ ላይ ዜና ሲነበብ ልቤ ሲሮጥ ይታወቀኛል፤ ይሮጥ ይሮጥና ይደክመዋል። አንድ ቀን ብርጭቆ ሳጥብ ባለቤቴ ደረሰችብኝ። ውሃው እጄ ላይ ሲሞቅ ልብ እያልኩ ነበር።

«ይህ ትምህርት አንተን ብርጭቆ የሚያሳጥብ ከሆነ» አለች፣ «ከየትም ይምጣ፣ እኔ ተቀብዬዋለሁ።»

እንዲህ ተመችቶን ሳለ ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ መጣች። ክርስቲያን ናት፤ ሰላምታዋ ግን የሁላችንም ነው። «አሰላሙ አለይኩም! ቤቶች!» አለች ከበሩ። ባለቤቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። እኔና ልጄ ፊታችንን ለግድግዳው ሰጥተን ተቀምጠናል። ሰማኋት። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ልጄ ግን አልተነቃነቀችም፤ እኔም ቀድሜ ብናገር የተሸነፍኩ መሰለኝ። ጎረቤቴ ድምፃችንን ስታጣ ዘልቃ ገባችና በሩን ገፋ አድርጋ አየችን። ደግማ ሰላም አለችን። ሁለታችንም ዝም። በእኛ አገር ሰላምታ የማይመልስ ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ በሕይወት የለም። እኛ ደግሞ እንተነፍሳለን፤ ያውም በደንብ። ሴትዮዋ ወንፊቱን ሳትወስድ ወደ ኋላዋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን በጠያቂ ሞላ። አንዷ ስኳር፣ አንዷ ዳቦ፣ ጎረቤታችን በሃይላንድ ጸበል ይዛ መጣች። አንዲት ሙስሊም ዘመዳችን ደግሞ ታች ያሉ ሸህ ዘንድ ዱዓ እንዲያዝ ተነጋግራ መጥታለች። ሁሉም ልጄን የሚያዩት በዓይናቸው ጠርዝ ነው። እሷ ደግሞ ሻይ ትቀዳላቸዋለች፣ ጸበሉንም ተቀበለች፣ ለዱዓውም «አሚን» አለች።

«አልታመምኩም እኮ» አለች በኋላ፣ በፈገግታ። «ልቤን እያሳረፍኩ ነው።»

«አይዞሽ፣ የታመመ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አለች ጎረቤታችን በደግነት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እሷስ ከባሕር ማዶ ይዛው መጣች እንበል። አንቱን ምን ነካዎት? ከመካነ ሰላም ወጥተው የት ያውቃሉ?»

«ከእሷ ተጋብቶብኝ ነው!» አልኩ።

ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። እኔም በቀልዴ ኮራሁ። ቀልዱ ግን ሚኒባስ ተሳፍሮ አቀስታ ሲደርስ ሳቁን መንገድ ላይ ጥሎት ነበር። «በሽታው ይጋባል አሉ፤ አባትየውንም ይዞታል!» ተብሎ ተወራ።

ሽማግሌዎቹ የተሰጣቸውን ቀን ሳይጠብቁ መጡ። ከሁሉ ፊት የተቀመጡት የመምህሩ አጎት ናቸው፤ ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ የአቀስታን ብርድ የሚያስታውስ ወፍራም ካፖርት የለበሱ። ሻይ እንኳ እስኪመጣ አልጠበቁም።

«አንቱ፣ በግልጽ እናውራ። ልጅዎ ከግድግዳ ጋር ተፋጣ ትውላለች ይባላል። እርስዎም እንደዚያው ሆነዋል ይባላል። የታመመ ሰው ደብቃችሁ ልትድሩልን ነው ወይ?»

እንደ ባህሪዬ ቢሆን መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። የአቀስታ ብርድ የስንቱን ሰው ጭንቅላት እንዳደረቀው፣ ከጢማቸው ጀምሬ እስከ ካፖርታቸው ልነግራቸው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ምላስ ነው እንጀራዬን የበላሁት። ልክ አፌን ስከፍት ከመጋረጃው ጀርባ ብርጭቆዎች ሰሃን ላይ ሲንቀጠቀጡ ሰማሁ። ልጄ ሻዩን ይዛ ቆማለች።

አፌን ገጠምኩ። «ቁጣ መጣ» አልኩ በሆዴ። ደረቴ ላይ እንደ ረመጥ ይሞቃል፤ ጆሮዬ ድረስ ወጣ። አየሁት። ትንፋሼ ገባ፣ ወጣ። ደግሞ ገባ።

«ይሰሙኛል?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ዝም አልኩ። ሌላኛው ጠጋ ብለው የእጄን የደም ሥር ዳበሱ። ከመጋረጃው ጀርባ የባለቤቴ ድምፅ መጣ፦ «ያ አላህ! ይህ ሰው በሰርጋችን ቀን እንኳ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም! አለቀልን!»

አጎትየው ግን ሌሎቹን በእጃቸው አገዷቸው። ፊቴን አዩ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኔ ብናገር ኖሮ የማልሰማውን ነገር ያን ጊዜ ተናገሩ።

«እኔ ልሰድብዎ አይደለም የመጣሁት። የእኔም ልጅ ከጂዳ መጥታለች። ከመጣች ጀምሮ አትናገርም። ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ትውላለች። እናቷ በዚህ ነገር አልቃለች። የወንድሜ ልጅ ደግሞ ያንኑ እያገባ ዝም ብዬ ልይ?»

ረመጡ ከደረቴ ላይ ሲጠፋ ታወቀኝ። የመጣልኝን ነገር ሁሉ ትቼ «አላህ ይማራት» ብቻ አልኩ። ከልቤ ነበር።

ልጄ ሻዩን ይዛ ገባች። ለሁሉም ሰጠች፣ በመጨረሻ አጎትየው ፊት ስትደርስ በርከክ አለች።

«አባ፣ የእኔ ሌላ ነው። እኔ ግድግዳውን የማየው ደክሞኝ አይደለም። እሷን ግን ላያት እችላለሁ? ምንም አላደርግም። አብሬያት እቀመጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እየተጠየቀች ያለች ልጅ ኒካህ ሳይታሰር የጠያቂዎቿን ደጅ ረግጣ አታውቅም። ብትረግጥ ሰው «እግሯን አንስታ ራሷን ዳረች» ይላል፣ ስሙም ተለጥፎባት ይቀራል።

«ልቧ መልካም ነው፤ ወግ ግን ወግ ነው» አሉ አንደኛው። «የማይሆነውን!»

አጎትየው መሬት መሬት ያያሉ። ልጄ አልተነሳችም። ያን ጊዜ ጡረታ የወጣው ደላላ ነቃብኝ።

«እሷ አትሄድም» አልኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ መናገሬ ራሱ ደስ ብሏቸዋል። «የታመመ የምጠይቀው እኔ ነኝ። የታመመ መጠየቅ ደግሞ ግዴታዬ ነው። ነገር ግን ዓይኔ ደክሟል፤ አቀስታ ድረስ የሚመራኝ ሰው ያስፈልገኛል። የሚመራኝ ደግሞ ማን ነው? ልጄ ናት።»

«ዓይንዎ ከመቼ ጀምሮ ነው የደከመው?» አሉ አንደኛው።

«አሁን ገና ነው የጀመረኝ።»

አጎትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ግን አጭር ነበር፤ ዓይናቸውን በካፖርታቸው እጅጌ ጠረጉ።

በሳምንቱ ሄድን። መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንጠብቅ ረዳቱ «አንድ ሰው ነው የቀረን!» እያለ ሲምል፣ እኔ ስንቱን ሰው እንደዚህ እያልኩ እንዳስጠበቅኩ እያሰብኩ ፈገግ አልኩ። እኔ ለወጉ ምርኩዝ ይዣለሁ፣ ልጄ ክንዴን ይዛለች፤ ሰው ሲያየን ደነቃቀፍ እላለሁ፣ እሷ ደግሞ በክርኗ ትጎሽመኛለች።

«አያጋንኑት፣ አባባ።»

አቀስታ ስንደርስ ብርዱ ከነጭጋጉ ተቀበለን። የአጎትየው ልጅ ጓዳ ውስጥ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። የልጄ እኩያ ናት። ልጄ ሰላም አለቻት፤ መልስ የለም። አልደገመችባትም። አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና እሷም ያንኑ ግድግዳ ማየት ጀመረች። እኔ በሩ ጋ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጥኩ።

ተአምር የጠበቃችሁ ካላችሁ እኔም ጠብቄ ነበር። ሐሳቤ ስንት ጊዜ ተአምር ሠርቶ እንደተመለሰ አልነግራችሁም። ልጅቷ ስትናገር፣ እናቷ እልል ስትል፣ እኔ ደግሞ መሐል ቆሜ ስመሰገን አየሁ። «እሰይ» አልኩትና መለስኩት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ጭድ ወጥቶበታል። ትንፋሽ ይሰማል፣ የማን እንደሆነ አይለይም።

ብዙ ከቆየን በኋላ ልጅቷ ዞር ሳትል እጇን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አወጣች። ጠርዙን ሳብ አደረገችና የልጄን ጉልበት ሸፈነችው። ይኸው ነው። አልተናገረችም፣ አላየቻትም። በርዷት እንደሆነ አስባ ነው።

አባቷ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ ደጅ ወሰዱኝ። ካፖርታቸውን እስኪቆልፉ ጠበቅኳቸው፤ መጠበቅ ለምጃለሁ።

«ቀን እንቁረጥ» አሉ።

ደላላ ይህን ሲሰማ ቶሎ ብሎ እጅ ያገናኛል። እኔ ግን «እሷን ይጠይቋት» አልኩ።

ልጄ ስትወጣ ጠየቋት። መሬት መሬት እያየች «እናንተ ካላችሁ» አለች፤ የያዘችውን የእኔን ምርኩዝ ግን ጣለችው። አንስታ ሰጠችኝና ቀስ ብላ ቀጠለች። «ከአዝመራ በኋላ ይሁን። እስከዚያ ግን እየመጣሁ አብሬያት ልቀመጥ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ምን ጥቅም አለው?»

አጎትየው ጢማቸውን ዳበሱ። ኒካሁ እስከ አዝመራ አይታሰርም፤ ወጉም አልተለወጠም። ሁለቱንም ካሰቡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቱ» አሉኝ፣ በጣም ተጨንቀው፣ «ይህ ዓይንዎ እስከ አዝመራ ይሻልዎት ይሆን?»

«ኢንሻአላህ» አልኩ፣ «አይሻለኝም።»